ጠመኔና ባልጩት፦ ከዊንቸስተር እስከ ኢስትቦርን በኮረኮንች ብስክሌት

ከዊንቸስተር ተነሥቶ በደቡብ እንግሊዝ ኮረብቶች አናት ላይ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀውና 160 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ኢስትቦርን ላይ ባሕር የሚደርሰው መንገድ ሳውዝ ዳውንስ ዌይ ይባላል። ባለፈው ነሐሴ ከአንድ የለንደን ወዳጄ ጋር ሦስት ቀን በብስክሌት ተጉዘንበታል። መንገድ የሚሸጥ ዕቃ ባይሆንም፣ በየብስክሌት መሸጫውና በየጉዞ መተግበሪያው «ለግራቭል ብስክሌት የተመቸ» እየተባለ ስለሚተዋወቅ፣ ሰውም ይህን አምኖ ገንዘቡንና የዕረፍት ቀኑን ስለሚያወጣበት፣ እንደማንኛውም አገልግሎት ሊመዘን ይገባዋል። ፍርዴን ከወዲሁ ላስቀምጥ፦ መንገዱ ግሩም ነው፤ «የተመቸ» የሚለው ቃል ግን ወቅቱና የጎማው ስፋት ሳይጠቀስ ሲነገር ሰውን ያሳስታል።

ግራቭል ብስክሌት ማለት መሪው እንደ አስፋልት የእሽቅድምድም ብስክሌት ወደ ታች የታጠፈ፣ ጎማው ግን ሰፋ ያለና ጥርስ ያለው፣ ማርሹም ለዳገት የቀለለ ብስክሌት ነው። ስሙን በአማርኛ «የኮረኮንች ብስክሌት» ብንለው ያስኬዳል፤ እኛ ኮረኮንች የምንለው፣ ጠጠር ፈስሶበትና ተጠቅጥቆ መኪና የሚመላለስበት መንገድ፣ ለዚህ ብስክሌት የተሠራ ያህል ነውና። ችግሩ እንዲህ ያለው ደህና ጠጠር መንገድ በሳውዝ ዳውንስ ዌይ ላይ ጥቂት መሆኑ ነው። በብዛት የሚያጋጥመው በትራክተር ጎማ የተቦረቦረ የእርሻ መንገድ፣ በግ የጋጠው ሣር፣ የዛፍ ሥር የተጋደመበት የጫካ መተላለፊያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጠመኔ ነው።

ጠመኔ ስል በምሳሌ መናገሬ አይደለም። ኮረብቶቹ ከላይ እስከ ታች የተሠሩት፣ ስባሪውን አንሥቶ ሰሌዳ ላይ ቢጭሩት ነጭ መስመር ከሚተው ልል ድንጋይ ነው። ዳይኖሰሮች በምድር ላይ በነበሩበት ዘመን፣ በዓይን የማይታዩ የባሕር ዋቅላሚዎች ቅርፊት ባሕሩ ወለል ላይ እየተደራረበ፣ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ረግቶ የጠጠረ ነው። ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ወለል ጠንክሮ ጎማን ያፈጥናል፤ ፀሐይ ስታርፍበት ነጸብራቁ ዓይን ስለሚወጋ ጥቁር መነጽር የግድ ይላል። ዝናብ ሲነካው ግን ላዩ ሳሙና ይሆናል። የአገራችንን ወልካ የሚያውቅ ሰው ጭቃ ሁሉ አንድ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ወልካ ጎማ ላይ ተጣብቆ ያስቆማል፣ እርጥብ ጠመኔ ደግሞ ሳያስቆም ይጥላል። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ግማሽ ሰዓት ብቻ ካካፋ በኋላ፣ አንድ እዚህ ግባ የማይባል ቁልቁለት ላይ ወዳጄ ፍሬኑን ገና ነካ ሲያደርገው የኋላ ጎማው ወደ ጎን ሄደና በክርኑ መሬት ላይ አረፈ። ክርኑን ከጠራረገ በኋላ ጥፋቱን ለማጣራት ተመልሶ መንገዱን በጫማው ቢያሸው፣ እርጥበቱ ከወረቀት ውፍረት እምብዛም አያልፍም ነበር።

በጠመኔው ውስጥ ደግሞ ባልጩት አለ። የጥንት ሰዎች መጥረቢያና ቢላዋ የጠረቡበት፣ የአካባቢው መንደርተኞችም የቤታቸውንና የቤተ ክርስቲያናቸውን ግድግዳ የገነቡበት ድንጋይ ይኸው ነው፤ ዛሬ ደግሞ ዋና ሥራው ጎማ መብሳት ይመስላል። ጎማ የገዛሁበት የለንደን ሱቅ ሻጭ የምሄድበትን ቦታ ስነግረው፣ 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ከበቂ በላይ እንደሆነ አረጋግጦልኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሃርቲንግ ዳውን ከሚባለው ሸንተረር ወረድ እንዳልን የኋላው ጎማ ፉስ ብሎ ተነፈሰ። ብስክሌቱን ገልብጬ ጎማውን በአውራ ጣቴ እየዳበስሁ ስፈልግ፣ ጎኑ ላይ የጥፍር ቁራጭ የሚያህል ጥቁር ባልጩት ተሰክቶ አገኘሁ፤ ስነቅለው ጠርዙ እንደ ምላጭ ጣቴን ቧጠጠኝ። የተቀደደው የጎማው ጎን ስለነበረ ከመነዳሪውን መቀየር ብቻውን አልበቃም፤ አዲሱ ከመነዳሪ በቅዳዱ በኩል ማበጥ ጀመረ። ወዳጄ የብስኩት መጠቅለያ አራት እጥፍ አድርጎ ከውስጥ በኩል ደገፈልኝና፣ የመርካቶ ጎሚስታ የማያፍርበት ሥራ ሠራ። ያቺ መጠቅለያ እስከ ኢስትቦርን አደረሰችኝ፤ እኔ ግን የቀረውን መንገድ ሁሉ ዓይኔን ከመሬት ሳልነቅል ነበር የሄድሁት። ምክሬ ግልጽ ነው፦ ከ42 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ጎማ አትሂዱ፤ የሚቻል ከሆነ ደግሞ ከመነዳሪ የሌለውን፣ ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ የሚጨመርበትን ዓይነት አስገጥሙ። ወዳጄ 45 ሚሊ ሜትር የሆነውን ይዞ አንድም ጊዜ አልተበሳም።

ስለ ዳገቱ ስናገር የአዲስ አበባ ልጅ እንደሚስቅብኝ አውቃለሁ። በመንገዱ ላይ ከፍተኛው ቦታ በትሰር ሂል ሲሆን ከባሕር ጠለል በላይ 270 ሜትር ገደማ ነው፤ እንጦጦ ጫፍ የደረሰ ሰው ይህን ኮረብታ ለማለትም ያመነታል። ሆኖም የሦስቱ ቀን ዳገት ተደምሮ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። ምክንያቱ ወንዞቹ ናቸው፤ ሚዮን፣ አረን፣ አዱር፣ ኡዝና ካክሚር የሸንተረሩን ሰንሰለት እየቆራረጡ ወደ ባሕር ስለሚወርዱ፣ መንገደኛው በየወንዙ ከኮረብታው አናት እስከ ሸለቆው ወለል ወርዶ፣ ድልድይ ተሻግሮ፣ ያንኑ ከፍታ እንደገና ይከፍላል። በመካከልም የአውራ ጎዳናዎች መተላለፊያ የሚያስወርዳቸው ሌሎች ጎድጓዳ ቦታዎች አሉ። ዳገቶቹ አጫጭር፣ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው፤ ጠምዝዞ የማለሳለስ ልማድ የላቸውም። ስለዚህ ከፊት አርባ ጥርስ ከኋላ ደግሞ እስከ አርባ ሁለት ጥርስ የሚደርስ ማርሽ ቢኖረኝም፣ በተለይ ከአረን ወንዝ ወደ ምሥራቅ በሚወጣው ዳገት ላይ ወርጄ ገፍቻለሁ። የሚያሳፍር አይደለም፤ ከፊታችን የነበሩት ሁለት ጎልማሶች በተራራ ብስክሌት ሆነው ይገፉ ነበር።

የምዕራቡ ክፍል ቶሎ ያልፋል። ከዊንቸስተር፣ ከንጉሥ አልፍሬድ ሐውልት ብዙም ሳይርቅ ተነሥቶ በስንዴና በገብስ ማሳዎች መካከል እየተጣመመ ስለሚሄድ፣ ለብስክሌቱ ይመቻል እንጂ ለዓይን ብዙ አይሰጥም። ልብ የሚሞላው ከበትሰር ሂል ላይ ነው። ከአናቱ ወደ ምሥራቅ የሚወርደው ሰፊ ገላጣ የሣር ቁልቁለት፣ ሣሩ ደረቅ ከሆነ፣ በሕይወቴ በብስክሌት ከወረድኋቸው ሁሉ ደስ ያሰኘኝ ነው፤ ከታች ያለው የኤ3 አውራ ጎዳና ጩኸት እየቀረበ ሲመጣ ብቻ ነው ሰው ፍሬን እንዳለው የሚያስታውሰው። ከጎዳናው ማዶ በንግሥት ኤልሳቤጥ ፓርክ ጫካ ውስጥ የሚያልፈው ጥርጊያ ደግሞ እውነተኛ ኮረኮንች ነው፤ መንገዱ ሁሉ እንዲህ ቢሆን ይህን ሁሉ ባልጻፍሁ ነበር።

በሮቹ የተለየ አንቀጽ ይገባቸዋል። ሸንተረሩ ላይ በግና ከብት ስለሚሰማራ መንገዱ በየጊዜው በበር ይቋረጣል፤ ከስልሳ በኋላ መቁጠሩን ተውነው። ብዙዎቹ ረጅም ወደ ላይ የቆመ የብረት እጀታ አላቸው፤ ይህ የተደረገው ፈረሰኛ ከኮርቻው ሳይወርድ እንዲከፍት ነው። ብስክሌተኛም ጥበቡን ካወቀበት፣ አንድ እጁን መሪው ላይ አድርጎ በሌላው እጀታውን ስቦ፣ በሩን በፊት ጎማው ገፋ አድርጎ መሬት ሳይረግጥ ያልፋል። እኔ እስከ ሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ድረስ አልቻልሁበትም ነበር፤ አንዲት በግራጫ ፈረስ ላይ ያሉ እናት ወይዘሮ በትዕግሥት በሩን ይዘውልኝ ሲቆሙ፣ ቅድሚያ ልሰጥ የሚገባኝ እኔ ሆኜ ሳለ እሳቸው በማስተናገዳቸው አፈርሁ።

ቅድሚያ የሚለው ነገር የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የወጣው የገጠር አካባቢዎች ሕግ ብስክሌተኞች በፈረስ መንገዶች ላይ እንዲሄዱ ሲፈቅድ፣ ለእግረኛና ለፈረሰኛ መንገድ እንዲለቁ ግዴታ ጥሎባቸዋል። በእግረኛ መንገድ ላይ ግን በእንግሊዝ የመጋለብ መብት የለም። ልዩነቱ ምሰሶ ላይ በተለጠፈችው ቀስት ይታወቃል፤ ሰማያዊ ከሆነች የፈረስ መንገድ ነው፣ ብስክሌት ይገባል፤ ቢጫ ከሆነች ለእግረኛ ብቻ ነው። በስኮትላንድ ሕጉ ሌላ ስለሆነ እዚያ የለመደ ሰው መጠንቀቅ አለበት። ሳውዝ ዳውንስ ዌይ እ.ኤ.አ. በ1972 ሲከፈት ለፈረስ ታስቦ የተዘጋጀ የመጀመሪያው ብሔራዊ የጉዞ መስመር በመሆኑ፣ ብስክሌተኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ በመብቱ ይሄድበታል፤ ዋናው ብልጫውም ይህ ይመስለኛል። ምልክቱ የኦክ ዛፍ ፍሬ ሲሆን፣ አተካከሉ እንከን የለሽ ለማለት ምንም አይቀረውም። እኛን ያሳሳተን የራሳችን ጥፋት ነው፤ አንድ የስልክ መተግበሪያ «አቋራጭ» ብሎ ባሳየን መንገድ ስንገባ፣ ከ200 ሜትር በኋላ ቢጫ ቀስትና የእንጨት መሰላል ካለበት አጥር ጋር ተፋጠጥን። ምሰሶውን እመኑ፤ ስልኩን ለአየር ጠባይ ትንበያ አስቀምጡት።

ውኃ የመንገዱ ደካማ ጎን ነው። ጠመኔ ዝናብን እንደ ስፖንጅ ስለሚመጥ አናቱ ላይ ምንጭም ጅረትም የለም፤ የዱሮ እረኞች ለበጎቻቸው ሲሉ ክብ ጉድጓድ ቆፍረው፣ ወለሉን በሸክላ አፈር ለስነው ዝናብ ያጠራቀሙባቸው ኩሬዎች ዛሬም እዚህም እዚያም ይታያሉ፣ ለሰው ግን አይሆኑም። የመጠጥ ውኃ ቧንቧ በተወሰኑ ቦታዎች፣ ለምሳሌ ኮኪንግ አጠገብና አዱር ወንዝ ዳር ተተክሏል። በመካከሉ ግን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ያለ ጠብታ ሊኬድ ስለሚችል፣ በሞቃት ቀን ሁለት ሊትር ከሌላችሁ አትነሡ። ወዳጄ አዱር ዳር ያለችውን ቧንቧ ሲያይ ብስክሌቱን ሣር ላይ ጥሎ «ይኼ ነው ጠበል!» ብሎ አናቱን ከሥሩ አስገባ።

ምግብን በተመለከተ፣ ጉዟችን በጾመ ፍልሰታ ላይ ስለዋለ ለአንባቢዎቼ የሚጠቅም ልምድ አግኝተናል። መንገዱ በመንደሮች አናት ላይ እንጂ በመካከላቸው ስለማያልፍ፣ ምሳ ለመብላት ሸለቆ ወርዶ መመለስ ያስፈልጋል፤ ያም ሌላ 150 ሜትር ዳገት ማለት ነው። በየመንደሩ ያሉት መጠጥ ቤቶች ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ ሥጋም ወተትም የሌለው ምግብ አያጡም፤ ጿሚ ሰው አይራብም፣ ይሰለቻል እንጂ። እኛን ያዳነን በሶ ነው። በማር አሽተን በትንሽ ላስቲክ የቋጠርነው በሶ፣ በውድ ከሚሸጡት የብስክሌተኛ ማስቲካዎችና ጣፋጭ ዝልግልጎች ሁሉ የተሻለ ጉልበት ሰጥቶናል፤ ዳቦ ቆሎም በኪስ ውስጥ አይቀልጥም፣ አይደቅም።

በሁለተኛው ቀን የሚያልፉባቸው ቦታዎች ብዙ ታሪክ አላቸው። ቢግኖር ሂል ላይ መንገዱ ሮማውያን ከቺቸስተር ወደ ለንደን የዘረጉትን ስቴን ስትሪት የተባለ ጥንታዊ ጎዳና ያቋርጣል፤ ከዚያ ወደ አምበርሊ የሚወርደው ቁልቁለት ረጅምና ፈጣን ነው። ቻንክተንበሪ ሪንግ ደግሞ በብረት ዘመን ምሽግ ላይ እ.ኤ.አ. በ1760 የተተከለ የቢች ዛፎች ክብ ነው፤ ቻርልስ ጎሪንግ የተባለ የባላባት ልጅ የተከላቸው እነዚያ ዛፎች በ1987ቱ ታላቅ ማዕበል አብዛኛዎቹ ተገንድሰው፣ አሁን የሚታዩት በብዛት ከዚያ በኋላ የተተኩ ናቸው። ከሩቅ ጎፈሬ ራስ ይመስላል፤ ቀርበው ሲያዩት መሐሉ ሳሳ ያለ ነው።

ሁለተኛውን ሌሊት ያሳለፍነው ትሩሊ ሂል ላይ ባለው የወጣቶች ማደሪያ ነው። የማደሪያው ትልቁ ብልጫ ራሱ ሸንተረሩ ላይ መሆኑ ነው፤ ማታ ወርዶ ጠዋት በቀዘቀዘ ጉልበት መውጣት የለም። ሕንጻው ውበት የለውም፣ አልጋዎቹ ተደራራቢ ናቸው፣ ነገር ግን እንግዶች የሚያበስሉበት ወጥ ቤት አለው። ወዳጄ ከሻንጣው ሥር ሽሮ አወጣ። ሽሮ ለብስክሌት ጉዞ የተፈጠረ ምግብ መሆኑን ያወቅሁት ያን ዕለት ነው፤ አይከብድም፣ አይበላሽም፣ ውኃና እሳት ብቻ ይበቃዋል። ሽታው ወደ መመገቢያው ክፍል ሲደርስ ሁለት ጀርመናውያን እግረኞች ፓስታቸውን ትተው ምን እንደሆነ ሊጠይቁን መጡ፤ በዳቦ አጥቅሰው ቀመሱና ድስቱን አብረን ጨረስነው። ከውጭ በስተደቡብ የብራይተን መብራት እስከ ባሕሩ ጫፍ ተዘርግቶ ይታይ ነበር።

ሦስተኛው ቀን ከሁሉ ይበልጣል፤ ጊዜ የሌለው ሰው ይህን ክፍል ብቻ ቢጋልብ እመክራለሁ። ከትሩሊ ሂል ብዙም ሳይርቅ ዴቭልስ ዳይክ አለ፤ 100 ሜትር ያህል ጥልቀት ያለው፣ ወንዝ የሌለው ደረቅ ሸለቆ ነው። የአገሬው ተረት ሰይጣን የሰሴክስን አብያተ ክርስቲያናት በባሕር ውኃ ሊያሰጥም ሌሊት ቦይ ሲቆፍር ነግቶበት ትቶት ሄደ ይላል፤ ሊቃውንቱ ግን በበረዶ ዘመን የተሸረሸረ ነው ይላሉ። ዲችሊንግ ቢከን 248 ሜትር ከፍታ ያለው ሲሆን፣ ቱር ደ ፍራንስ እ.ኤ.አ. በ1994 ወደ እንግሊዝ በመጣ ጊዜ እሽቅድምድሙ ያለፈበት የአስፋልት ዳገት አናት ነው። እኛ በሸንተረሩ ስለመጣን ዳገቱን አልቀመስነውም፤ በመኪና ማቆሚያው ተኮልኩለው የሚያለከልኩትን የአስፋልት ብስክሌተኞች ግን በአክብሮት ሰላም ብለናል።

ሳውዝኢዝ በተባለችው መንደር የኡዝን ወንዝ ተሻግሮ ከሚጀምረው ዳገት አንሥቶ እስከ አልፍሪስተን ያለው ርቀት፣ ጉዞው ሁሉ የተደረገለት ነው። ዳገቱ እንዳለቀ ሸንተረሩ ይቀጥናል፤ በቀኝ የኒውሄቨን ወደብና ባሕሩ፣ በግራ ደግሞ እስከ አድማስ የተዘረጋ የአጥርና የማሳ ሜዳ ይታያል፤ ከጎማ ሥር ያለው ሣር በበግ ጥርስ ታጭዶ እንደ ምንጣፍ ተነጥፏል። ፈርል ቢከን ላይ ስንደርስ ነፋሱ ከጀርባችን ነበር። በደቡብ እንግሊዝ ነፋስ በብዛት ከደቡብ ምዕራብ ስለሚነፍስ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ መጓዝ እንጂ ግልባጩ አይመከርም። ከአልፍሪስተን በኋላ የእግረኛው መስመር ወደ ታዋቂዎቹ ነጫጭ የባሕር ገደሎች ሲታጠፍ፣ የብስክሌቱ መስመር በዊንዶቨር ሂልና በጄቪንግተን በኩል ያልፋል። ገደሎቹን ባለማየታችን ቅር ብሎኛል፤ ጄቪንግተን ግን ባኖፊ የተባለው የሙዝና የካራሜል ኬክ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተፈለሰፈባት መንደር ስትሆን፣ በጾም ደርሰንባት በዓይናችን እንኳን ሳናይ አለፍናት።

መድረሻና መመለሻው ቀላል ነው። ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ እስከ ዊንቸስተር አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከኢስትቦርን እስከ ቪክቶሪያ ጣቢያ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ግን የማይታጠፍ ብስክሌት በብዙ ባቡሮች ስለማይፈቀድ ሰዓታችሁን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። ወቅቱን በተመለከተ፣ በአገራችን ክረምት ሲገባ እዚያ በጋ ነው፤ ከግንቦት መጨረሻ እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ፣ ሁለት ሦስት ቀን ዝናብ ካልጣለ በኋላ መሄድ ነው። ከጥቅምት እስከ መጋቢት ግን በዚህ ብስክሌት አልሞክረውም። ከዚህ የበለጠ ጠጠር የሚፈልግ ሰው ሳይክሊንግ ዩኬ የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2020 ያስተዋወቀውን የንጉሥ አልፍሬድ መንገድ ይመልከት፤ እሱም ከዊንቸስተር ተነሥቶ በስቶንሄንጅና በኤቭበሪ በኩል 350 ኪሎ ሜትር ያህል ዞሮ ይመለሳል፣ መጨረሻው ላይም የሳውዝ ዳውንስን ምዕራባዊ ክፍል ያካትታል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ጠመኔ ካቴና ላይ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይጠነክራል፤ ብስክሌቱን በደረሳችሁበት ምሽት እጠቡት። እኔ ደክሞኝ በረንዳ ላይ ሦስት ቀን አቆየሁትና፣ ካቴናው በቢላዋ ተፍቆም እንደ አሮጌ ወፍጮ ሲያንቃጭል ሰንብቶ በመጨረሻ ተቀየረ።